ከሕዋ የሚታየው ለውጥ፦ የሳተላይት ምስሎች በኑክሌር ተቋማት ቁጥጥር ያላቸው ድርሻና ወሰን

ሰሜን ኮሪያ የዓለም አቀፉን የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች በአፕሪል 2009 ከግዛቷ ካስወጣች ወዲህ፣ ኤጀንሲው ስለዚያች አገር የኑክሌር እንቅስቃሴ በየዓመቱ ለአባል አገሮች ያቀረባቸው ሪፖርቶች በአብዛኛው የተመሠረቱት ከሕዋ በተነሡ የሳተላይት ምስሎች ላይ ነው። በቪየና የሚሠሩ የኤጀንሲው ባለሙያዎች የዮንግብዮንን የኑክሌር ማዕከል ሳይረግጡ የአንድ ማብላያ ሥራ መጀመርና መቆም፣ የአንድ ጣሪያ መስፋት፣ የአንድ ቦይ ውኃ መፍሰስና መድረቅ ከምስል ላይ ያነብባሉ።

ይህ አሠራር ዛሬ የተለመደ ቢመስልም ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ታሪኩ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳይቷል። የሳተላይት ምስል አንድ ሥፍራ መለወጡን በአስተማማኝ ሁኔታ ይናገራል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ብዙውን ጊዜ አይናገርም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የተመልካቹ ግምት ነው። ግምቱ ትክክል ሲሆን ስውር ፕሮግራም አጋልጧል፤ ሲሳሳት ደግሞ ለጦርነት ማስረጃ ተደርጎ ቀርቧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው በመሠረቱ የማነጻጸር ሥራ ነው። በተለያየ ቀን፣ ነገር ግን በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ማዕዘን የተነሡ የአንድ ሥፍራ ምስሎች ጎን ለጎን ወይም አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያሉ። በመጀመሪያው ምስል ያልነበረ፣ በሁለተኛው የታየ ነገር ሁሉ ይመዘገባል። አዲስ ጉድጓድ፣ የአፈር ክምር፣ የመኪና ዱካ፣ አጥር፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የፀረ አውሮፕላን መድፍ ምድብ ሊሆን ይችላል። የሕንፃ ቁመት ሳይቀር ከጥላው ርዝመትና ምስሉ በተነሣበት ሰዓት ፀሐይ ከነበረችበት ከፍታ ተሰልቶ ይገኛል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ደግሞ አካባቢው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ብቻ በረዶው ቀልጦ ከታየ፣ ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚሰጥ ነገር እየሠራ ስለመሆኑ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

ምን ያህል ዝርዝር እንደሚታይ የሚወስነው የምስሉ ጥራት ነው። የአንድ ሜትር ጥራት ያለው ምስል ሲባል እያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ በምድር ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታን ትወክላለች ማለት ነው። በ1972 የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ላንድሳት ጥራቷ 80 ሜትር ገደማ ስለነበር አንድ ትልቅ ፋብሪካ በእርሷ ምስል ላይ ከጥቂት ነጥቦች አያልፍም ነበር። በ1986 የመጠቀችው የፈረንሳይ ስፖት ጥራቱን ወደ 10 ሜትር አደረሰችው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሴፕቴምበር 1999 ነው። በዚያ ወር የመጠቀችው ኢኮኖስ የአንድ ሜትር ጥራት ያለው ምስል ለማንኛውም ገዥ የምታቀርብ የመጀመሪያዋ የንግድ ሳተላይት ሆነች። በ2001 ኩዊክበርድ ልኩን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በ2014 ደግሞ ወርልድቪው-3 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ አደረጉት። በዚህ ጥራት የጭነት መኪናን ከቤት መኪና መለየት ይቻላል፤ የሰውን ፊት መለየት ግን አይቻልም።

ለንጽጽር ያህል፣ ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2019 ከቻይና ያመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 የመሬት ምልከታ ሳተላይት የምስል ጥራቷ 14 ሜትር ገደማ ነበር። የታሰበችው ለግብርና፣ ለአየር ንብረትና ለተፈጥሮ ሀብት ክትትል በመሆኑ ይኸው ለተግባሯ የተመጠነ ነበር። የሰብልን ሁኔታ ለማየት የሚበቃ ዓይን የጉድጓድ ክዳንን ለማየት አይበቃም።

ኢኮኖስ እስክትመጥቅ ድረስ ጥርት ያለው ዕይታ በዋናነት የሁለቱ ኃያላን መንግሥታት ምስጢር ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካ ከኦገስት 1960 ጀምሮ ኮሮና በተሰኘው ፕሮግራም ያነሣችው ፎቶግራፍ ወደ ምድር ይላክ የነበረው በፊልም ነው። ፊልሙን የያዘው ዕቃ በፓራሹት ሲወርድ አውሮፕላን በአየር ላይ እንዳለ ይቀልበው ነበር። የአሜሪካ የስለላ ተቋማት በኦገስት 1964 ከአዳዲስ ፎቶግራፎች ተነሥተው በምዕራብ ቻይና ሎፕ ኖር የሚገኘው ሥፍራ የኑክሌር ሙከራ ጣቢያ መሆኑንና በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ዝግጁ ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ። ሆኖም ቻይና ለቦምብ የሚበቃ ንጥረ ነገር ይኖራታል ብለው ስላላመኑ ሙከራው ከዓመቱ ማብቂያ በፊት አይካሄድም የሚለው ግምት አመዘነ። ቻይና የመጀመሪያ ቦምቧን ኦክቶበር 16 ቀን 1964 አፈነዳች። ቦምቡ የተሠራው አሜሪካውያኑ ከጠበቁት ከፕሉቶኒየም ሳይሆን ከበለጸገ ዩራኒየም ነበር። ፎቶግራፉ ሥፍራውን በትክክል አሳይቶ ነበር፤ የሳተው ከፎቶግራፉ ውጭ የነበረው ግምት ነው።

በአፍሪካ ምድር የታየው ተመሳሳይ ጉዳይ ውጤቱ የተለየ ነበር። በ1977 አንድ የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት በደቡብ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ፣ ከኡፒንግተን ከተማ በስተሰሜን ቫስትራፕ በተባለ ሥፍራ የኑክሌር ሙከራ ጣቢያ የሚመስል ግንባታ አነሣ። ሞስኮ ጉዳዩን ኦገስት 6 ቀን ለዋሽንግተን አሳወቀች፤ ዋሽንግተንም በራሷ ሳተላይት አረጋገጠች። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ምስል ላይ ከተስማሙባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። የአፓርታይዱ መንግሥት የኑክሌር መሣሪያ ለመሥራት ሐሳብ የለኝም ሲል ቢያስተባብልም ግፊቱ ስለበረታበት ጣቢያውን ለመዝጋት ተገደደ። የምስሉ እውነተኛ ትርጉም በይፋ የተነገረው ግን ከ16 ዓመታት በኋላ፣ በማርች 1993 ፕሬዚዳንት ኤፍ ደብሊው ደክለርክ አገራቸው ስድስት የኑክሌር ቦምቦች ሠርታ እንደነበርና ሁሉም መፈታታታቸውን ለፓርላማ ባስታወቁ ጊዜ ነው። የሙከራ ጉድጓዶቹም በዚያው ዓመት በኤጀንሲው ተቆጣጣሪዎች ፊት ከአገልግሎት ውጭ ተደርገዋል።

የሚታይ ወገን መታየቱን ካወቀ ደግሞ መደበቅን ይማራል። በ1995 መጨረሻ የአሜሪካ ሳተላይቶች በሕንድ ራጃስታን ግዛት ፖክራን በተባለው የሙከራ ሥፍራ ዝግጅት ሲደረግ አይተው፣ በኒውዴልሂ የነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ማስረጃውን ለሕንድ ባለሥልጣናት አሳዩ። ሙከራው ቀረ፤ ሕንዳውያኑ ግን ምን እንዳጋለጣቸው ከዚያው ማስረጃ ተማሩ። ለቀጣዩ ዝግጅት ዋና ዋናው ሥራ በሌሊት ተሠራ፤ ከባድ መሣሪያዎች ሊነጋ ሲል ወደነበሩበት ቦታ ተመለሱ። ሕንድ በሜይ 11 እና 13 ቀን 1998 አምስት የኑክሌር መሣሪያዎችን ስታፈነዳ የአሜሪካ የስለላ ተቋማት አስቀድመው አላወቁም ነበር።

የሳተላይት ክትትል ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በአንድ ሥፍራ ለማየት ግን ከዮንግብዮን የተሻለ ምሳሌ የለም። ከፒዮንግያንግ በስተሰሜን በኩርዮንግ ወንዝ ዳር የተቆረቆረው ይህ ማዕከል በ1986 ሥራ የጀመረ 5 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጥ የታቀደ ማብላያ፣ ያገለገለ ነዳጅ ተጣርቶ ፕሉቶኒየም የሚወጣበት ፋብሪካና የዩራኒየም ማበልጸጊያ ይገኙበታል።

በፌብሩዋሪ 1993 በሐንስ ብሊክስ ይመራ የነበረው ኤጀንሲ ከአሜሪካ የተገኙ የሳተላይት ፎቶግራፎችን ለገዥዎች ቦርድ አባላት በዝግ ስብሰባ አሳየ። በፎቶግራፎቹ ላይ በግንባታ ጊዜ ሁለት ደርብ የነበረው አንድ ሕንፃ በዙሪያው አፈር ተቆልሎ የታችኛው ደርብ ከዕይታ ተሰውሯል፤ ዝቃጭ ይከማችበታል ተብሎ የተጠረጠረ ሌላ ሥፍራም አፈር ለብሶ ዛፍ ተተክሎበታል። ማን ዛፍ ተከለ ተብሎ ክርክር የሚነሣበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሥፍራውን ያጋለጠው የመሸፈኑ ሥራ ራሱ ነበር። ኤጀንሲው ልዩ ምርመራ እንዲፈቀድለት ሲጠይቅ ሰሜን ኮሪያ ማርች 12 ቀን ከኑክሌር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነት እንደምትወጣ አስታወቀች።

የማብላያውን ሥራ ለማወቅ ለረጅም ጊዜ ዋናው ምልክት ከማቀዝቀዣ ማማው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ነበር። እንፋሎት ካለ ማብላያው ይሠራል፤ ከሌለ ቆሟል። ሰሜን ኮሪያ ከስድስቱ አገሮች ድርድር ጋር በተያያዘ ማማውን ጁን 27 ቀን 2008 በቴሌቪዥን ካሜራዎች ፊት አፈረሰችው። ትርዒቱ እንደ ትጥቅ ፈታ እርምጃ ቢታይም ለምስል ባለሙያዎች ሌላም ትርጉም ነበረው፤ የሚያነቡት ምልክት አብሮ ጠፍቷል። ማብላያው በ2013 ሲመለስ ማማው አልተሠራም። ማቀዝቀዣው በመሬት ውስጥ ከወንዙ ጋር ተገናኘ። በኦገስት 31 ቀን 2013 በተነሣ ምስል ላይ ከተርባይን አዳራሹ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ በመታየቱ ሥራው እንደቀጠለ ተገመተ፤ ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎቹ የሚከታተሉት ወደ ኩርዮንግ ወንዝ የሚፈስሰውን የማቀዝቀዣ ውኃ ነው።

ኤጀንሲው በኦገስት 2021 ያወጣው ሪፖርት የዚህ ንባብ ጥሩ ናሙና ነው። ከዲሴምበር 2018 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጁላይ 2021 መጀመሪያ ድረስ ማብላያው ስለመሥራቱ ምልክት እንዳልታየ፣ ከዚያ ግን የማቀዝቀዣ ውኃ መፍሰስ መጀመሩን ሪፖርቱ ገልጿል። የነዳጅ ማጣሪያውን ፋብሪካ በሚመለከት ምልክቱ የተገኘው ከፋብሪካው ሳይሆን እንፋሎት ከሚያቀርብለት ማሞቂያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ለአምስት ወር ያህል ሠርቷል። ይህ ጊዜ ማብላያው በአንድ ዙር የተጠቀመበትን ነዳጅ አጣርቶ ለመጨረስ ከሚወስደው ጊዜ ጋር እንደሚጣጣም ኤጀንሲው አመልክቷል። የተናገረው «ይጣጣማል» ብሎ ነው፤ ፕሉቶኒየም ወጥቷል አላለም። በእንዲህ ዓይነት ሪፖርት ውስጥ የግሥ አመራረጥ ከምስሉ ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በአንጻሩ በዚያው ማዕከል የሚገኘው የዩራኒየም ማበልጸጊያ ከምስል እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል ያሳያል። በኖቬምበር 2010 አሜሪካዊው የኑክሌር ሳይንቲስት ሲግፍሪድ ሄከር ዮንግብዮንን ሲጎበኙ ሰማያዊ ጣሪያ ባለው አንድ ሕንፃ ውስጥ 2 ሺህ ያህል ሴንትሪፊውጆች እንዳሉ ከአስጎብኚዎቻቸው ተነገራቸው፤ ረድፉንም በዓይናቸው አዩ። ሰማያዊው ጣሪያ ከሕዋ በግልጽ የሚታይ ነበር። ሕንፃው ቀድሞ የነዳጅ ዘንግ ማምረቻ አካል ስለነበር ከውስጡ የተተከለውን የሚጠቁም ምልክት በውጭ አልታየም። ማብላያ ሙቀቱን የግድ ወደ ውጭ ማስወጣት ሲኖርበት ሴንትሪፊውጅ ግን በተራ ፋብሪካ ጣሪያ ሥር ሊሽከረከር ይችላል። በ2013 ጣሪያው በስፋት እጥፍ ሲሆን ምስሉ ወዲያው አሳይቷል፤ በተጨመረው ቦታ ምን ያህል መሣሪያ እንደገባ ግን ጣሪያው አልተናገረም።

በኢራን ናታንዝ የሆነው ከዚህ ቀደም ብሎ የቃል መረጃና ምስል ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር አሳይቶ ነበር። አንድ በስደት ያለ የኢራን ተቃዋሚ ቡድን በኦገስት 2002 በናታንዝ አቅራቢያ ስውር የኑክሌር ግንባታ እንዳለ ይፋ አደረገ። በዲሴምበር ወር ዋሽንግተን የሚገኝ አንድ ገለልተኛ የጥናት ተቋም ከንግድ ሳተላይቶች የገዛቸውን ምስሎች አወጣ፤ በእነርሱም ላይ ከመሬት በታች የሚሠሩ ግዙፍ አዳራሾች ታዩ። የኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር መሐመድ ኤልባራዳይ በፌብሩዋሪ 2003 ሥፍራውን ጎበኙ። በቀጣዮቹ ምስሎች ላይ አዳራሾቹ አፈር ለብሰው ሜዳ መስለዋል። ምስሉ በግንባታው ወቅት ባይነሣ ኖሮ ከሕዋ የሚታየው ሜዳው ብቻ በሆነ ነበር።

ናታንዝ የታወቀው የት መመልከት እንደሚገባ የጠቆመ ወገን ስለነበረ ነው። ጠቋሚ በሌለበት የሚሆነውን ሶሪያ አሳይታለች። የእስራኤል የጦር አውሮፕላኖች ሴፕቴምበር 6 ቀን 2007 በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ በዴር ኤዝ ዞር ግዛት የሚገኝ አንድ ብቸኛ ሕንፃ ደበደቡ። በኦክቶበር ወር የተነሡ ምስሎች ሶሪያ ፍርስራሹን ጠርጋ ቦታውን እንደደለደለች አሳዩ። የጥናት ተቋማት የቀድሞ ምስሎችን ሲያገላብጡ ሕንፃው በሴፕቴምበር 2003 በተነሣ የንግድ ሳተላይት ምስል ላይ ቆሞ ተገኘ። ለአራት ዓመታት በማኅደር ውስጥ ተቀምጦ የፈለገው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ቢታይም ኖሮ ብዙ ባልነገረ ነበር፤ ሕንፃው ማቀዝቀዣ ማማ፣ ጎልቶ የሚታይ አጥርም ሆነ የፀረ አውሮፕላን መከላከያ አልነበረውም። ተቆጣጣሪዎች በጁን 2008 ቦታውን ጎብኝተው በወሰዱት ናሙና ሰው ሠራሽ ሂደት ያለፈበት የዩራኒየም ብናኝ ተገኘ። ሶሪያ ሕንፃው ከኑክሌር ጋር ግንኙነት የሌለው ወታደራዊ ተቋም ነው ብትልም ኤጀንሲው በሜይ 2011 ማብላያ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አስታወቀ። ከምስል ወደ መደምደሚያ ያሸጋገረው ከመሬት የተቆነጠረው አፈር ነበር።

ኢራቅ ግን ተቃራኒው ነው። የተባበሩት መንግሥታትና የኤጀንሲው ተቆጣጣሪዎች በዲሴምበር 1998 ከኢራቅ ከወጡ በኋላ ለአራት ዓመታት ያህል የቀድሞዎቹን የኑክሌር ሥፍራዎች ለመከታተል ዋናው መንገድ የሳተላይት ምስል ሆነ። ምስሎቹም እውነተኛ ለውጥ አሳዩ። የፈረሱ ሕንፃዎች ታድሰው፣ አዳዲሶች ተጨምረው ነበር። በ2002 የመከር ወራት ዋሽንግተንና ለንደን እነዚህን ለውጦች የኑክሌር ፕሮግራሙ የመመለሱ ምልክት አድርገው አቀረቡ። ተቆጣጣሪዎች በኖቬምበር 27 ቀን 2002 ተመልሰው ሥፍራዎቹን አንድ በአንድ ገብተው ፈተሹ። ኤልባራዳይ ማርች 7 ቀን 2003 ለጸጥታው ምክር ቤት ባቀረቡት ሪፖርት፣ ከ1998 ወዲህ እንደታደሱ ወይም እንደተሠሩ በሳተላይት ምስል በተለዩት ሕንፃዎች ውስጥ የኑክሌር ሥራ ስለመቀጠሉ ምንም ምልክት አለመገኘቱን አስታወቁ።

ከዚያ አስቀድሞ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በዚያው ምክር ቤት ሳተላይት ያነሣቸውን ምስሎች በሰሌዳ አሳይተው ነበር። በአንዱ ሥፍራ ኬሚካል መሣሪያዎች ከፍተሻ በፊት መነሣታቸውን ያሳያሉ ያሏቸውን ሁለት ምስሎች አስመልክቶ፣ በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታትን የመሣሪያ ፍተሻ ቡድን ይመሩ የነበሩት ሐንስ ብሊክስ ከዘጠኝ ቀናት በኋላ መልስ ሰጡ። ሁለቱ ምስሎች የተነሡት በሳምንታት ልዩነት መሆኑን አስታውሰው፣ የታየው እንቅስቃሴ የዘወትር ሥራም ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። ጉዳዩ የኬሚካል መሣሪያ ቢሆንም የለውጥ ንባብ ድክመት የተነገረበት ከዚህ የቀረበ አነጋገር ማግኘት ያስቸግራል። በሁለት ምስሎች መካከል ያለፉትን ቀናት ማንም አላያቸውም፤ እነርሱን የሚሞላው ያመነ ሰው በእምነቱ፣ የተጠራጠረም በጥርጣሬው ነው። ጦርነቱ ማርች 20 ቀን 2003 ተጀመረ። አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የፍለጋ ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት የኢራቅ የኑክሌር ፕሮግራም በ1991 ማብቃቱንና እንደገና ለመጀመር የተቀናጀ ጥረት ስለመደረጉ ማስረጃ አለመገኘቱን ገለጸ።

በምስሎች መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ጠብቧል። ከ2017 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በብዙ ትናንሽ ሳተላይቶች የምድርን የብስ ክፍል በየዕለቱ ማንሣት ችሏል፤ ጥራቱ ግን ከ3 እስከ 5 ሜትር ገደማ በመሆኑ ዝርዝሩ ውስን ነው። ራዳር የተገጠመላቸው ሳተላይቶች ደግሞ ደመናና ጨለማ ሳያግዳቸው ያያሉ። ሰሜን ኮሪያ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 በማንታፕ ተራራ ሥር ቦምብ ስታፈነዳ፣ ተመራማሪዎች ከራዳር ምስሎች ባደረጉት ስሌት የተራራው ገጽ ወደ ጎን እስከ 3.5 ሜትር መገፋቱንና ግማሽ ሜትር ያህል መስመጡን አረጋግጠዋል።

ሁሉም አገር እኩል ይታያል ማለት ግን አይደለም። በ1996 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የአገሪቱ ኩባንያዎች የእስራኤልን ግዛት በሌላ አገር ገበያ ከሚገኘው በላቀ ጥራት አንሥተው እንዳይሸጡ ይከለክል ስለነበር፣ የዲሞና የኑክሌር ማዕከል ለረጅም ጊዜ የታየው ከ2 ሜትር ባልተሻለ ጥራት ነው። ገደቡ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የወረደው በ2020 ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ይፋ በሆኑ የንግድ ሳተላይት ምስሎች ላይ በዲሞና ሰፊ አዲስ ቁፋሮ ታየ፤ እስራኤል ስለ ሥራው ማብራሪያ አልሰጠችም።

በጁን 2025 በኢራን የሆነው እነዚህን ጥያቄዎች እንደገና አስነሥቷል። በጁን 19 የተነሣ ምስል በተራራ ውስጥ ወደተሠራው የፎርዶ ማበልጸጊያ መግቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ 16 የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው አሳየ፤ በማግሥቱ ምስል መኪናዎቹ ከቦታው ተንቀሳቅሰዋል። አሜሪካ ጁን 22 ቀን ፎርዶን በቦምብ ስትደበድብ በተራራው ላይ ስድስት ቀዳዳዎች ከሕዋ ታዩ። መኪናዎቹ ዕቃ ሊያወጡ ወይስ መግቢያውን በአፈር ሊደፍኑ እንደመጡ ግን ምስሉ ብቻውን አልለየም። ኢራን በጁላይ መጀመሪያ ከኤጀንሲው ጋር የነበራትን ትብብር በሕግ አገደች።

በኤጀንሲው ግምት ኢራን ጥቃቱ በተጀመረበት በጁን 13 ቀን 2025 እስከ 60 በመቶ የበለጸገ 440.9 ኪሎ ግራም ዩራኒየም ነበራት። የኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር ራፋኤል ግሮሲ እንደገለጹት ይህ ክምችት ዋናተኞች ከሚሸከሙት የአየር ሲሊንደር የማይበልጥ መጠን ባላቸው ማሰሮዎች የሚቀመጥ ነው። እንዲህ ያለ ማሰሮ በአንድ የቤት መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይገባል፤ ከሕዋ የሚታየው ደግሞ የመኪናው ጣሪያ ብቻ ነው።